ለጋሽ ቱፋ ሆድ የተሰበሰበ አረቄ

ዛሬ ዛሬ መንገድ ላይ ለታማሚ መዋጮ የሚሰበስብ ሰው ሳይ፣ እጄ ወደ ኪሴ ከመግባቱ በፊት ዓይኔ ግራና ቀኝ ይማትራል። ልጆቼ «አባባ ስስት ጀመረው» ይሉኛል። ስስት አይደለም። «ይሄ ሰው የሚሰበስበው በእውነት ለታማሚው ነው? የሚሰጡትስ ሰዎች ለማን እየሰጡ ነው የሚመስላቸው?» የሚል ጥያቄ ውስጤ ይገላበጣል። ይህን ጥያቄ በጊዜው ባለመጠየቄ አንዴ አንገቴ ገመድ ውስጥ ሊገባ ነበር። ዘመኑ የጣሊያን ነው፤ ሰፈሩ ኮልፌ። እናንተ ተቀመጡ፣ እኔ ቆሜ አወራለሁ።

መቀመጥ የማልችለው በእርጅና እንዳይመስላችሁ። ድሮም እንዲሁ ነኝ። የሚገርመው ደግሞ ሥራዬ ልብስ ስፌት ነበር። መቀመጥ የማይችል ልብስ ሰፊ አይታችሁ ታውቃላችሁ? አንዱን እጅጌ ሰፍቼ ሌላውን ሳልጀምር እነሳና በር ላይ እቆማለሁ። አላፊ አግዳሚውን «እንዴት አደርክ፣ ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ» ስል ቆይቼ ስመለስ የትኛውን እጅጌ እንደለካሁ ይጠፋኛል። በዚያ ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ቀኝ እጁ ከግራ እጁ ያጠረ የሚመስል ሰው ካገኛችሁ፣ እጁ ደህና ነው፤ ኮቱ የኔ ስፌት ነው። ደንበኞቼ የማይለቁኝ ስለሚወዱኝ አልነበረም። ሌላ ልብስ ሰፊ ለማግኘት እስከ መርካቶ መሄድ ስለሚጠይቅ ነው፤ መሐል ላይ ደግሞ የጣሊያን ኬላ አለ፤ ኬላው ላይ የሚፈትሹት ወታደሮች እጃቸው አያርፍም።

ጎረቤቴ ጋሽ ቱፋ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። ትከሻቸው በሬ ያክላል። ድንጋዩን በኦሮምኛ፣ ባለቤታቸውን እትዬ አስካለን በአማርኛ ነበር የሚያናግሩት። «ከሁለቱ የሚሰማኝ ድንጋዩ ነው» ይሉ ነበር። እትዬ አስካለ የጎጃም ሰው ናቸው፣ መልስ አያጡም፤ «ድንጋዩማ ምን ያድርግ፣ መዶሻ ይዘህበት!» ይሏቸዋል። ጋሽ ቱፋ ድግስ ቤት ሲገቡ ወጥ ቤቶቹ ድስት ይጨምሩ ነበር። የሚበሉት እንደ ሥራቸው ነው፤ በጸጥታ፣ በተራ፣ ምንም ሳያስተርፉ።

እናም አንድ ቀን አንድ ተዝካር ላይ ጋሽ ቱፋ አንዴ ጎርሰው፣ ሁለተኛውን ይዘው አዩትና ወደ ሰሃኑ መለሱት። የዳሱ ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ቄሱ ሳይቀሩ ማኘክ አቆሙ። «ምነው ጋሼ?» አልኳቸው። «አልወርድ አለኝ» አሉ፤ ያሉትም እንደ አፈረ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነው። ከዚያ ወዲያ በሬ የሚያክለው ትከሻ በየሳምንቱ እየሟሸሸ ሄደ። ያበላሽሁባቸውን ኮት እንዳጠብብላቸው አመጡልኝ፤ ሳይቆይ እንደገና ማጥበብ ነበረብኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ይዘው ሲመጡ መርፌዬን አስቀመጥኩና «ጋሼ፣ ሐኪም ጋ እንሄዳለን» አልኩ።

ሐኪሙ ጣሊያን ነው። ከኬላው ማዶ፣ ከመንገዱ በላይ፣ ባሕር ዛፉ አጠገብ፣ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይሠራል። ቀጭን፣ ጸጉሩ የቆመ፣ መነጽሩ በክር የታሰረ ሰውዬ ነው። ባንዲራውም ጦሩም ግድ አይሰጠውም፤ ግድ የሚሰጠው የሰው ሆድ ብቻ ነው። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ፊትህን አያይም፣ ሆድህን ነው የሚያየው። አስተርጓሚው ኪዳኔ የሚባል የአስመራ ልጅ ነበር።

ሐኪሙ ጋሽ ቱፋን አጋድሞ ሆዳቸውን ጫን ጫን እያደረገ ብዙ ቆየ። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረ። ኪዳኔ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሆድዎ ውስጥ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ ነው የሚልዎ።»

«ድንጋይ ከሆነማ» አሉ ጋሽ ቱፋ ተጋድመው፣ «እሱ ይተወውና መሣሪያዬን ያምጡልኝ።»

ኪዳኔ ተረጎመ። ሐኪሙ አልሳቀም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ቀስ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። የሆድ ዕቃ ነቀርሳ ነው፤ በኔም አገር ሰው ይገድላል፤ ከምን እንደሚመጣ አናውቅም፤ ለማወቅ ያለን መንገድ ከታማሚ ያወጣነውን በአጉሊ መነጽር መመርመር ነው፤ እስክንመረምረው እንዳይበሰብስ አልኮል ውስጥ መቀመጥ አለበት። አለቆቼ ግን አልኮሉም ፋሻውም ለወታደር ብቻ ነው ብለውኛል። ሰፈሩ ኃይለኛ አረቄና ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አዋጥቶ ከረዳኝ ቀድጄ አወጣዋለሁ፣ ያወጣሁትንም አጠናዋለሁ።

«ጥናቱ ለሳቸው ባይደርስ ለሌላ ሰው ይደርሳል ነው የሚለው» ብሎ ኪዳኔ ጨረሰ።

አብረውን የመጡት እትዬ አስካለ ባለቤታቸውን ያያሉ። ጋሽ ቱፋ ጣሪያውን እያዩ ነው። እኔ ምርመራው ከተጀመረ ጀምሮ በርና መስኮት መካከል ስመላለስ ስለነበር፣ እግሬ ቀድሞኝ መለሰ። «እኔ አመጣለሁ!» አልኩ። ለምን አልልም? ለመዞር ሰበብ የሚፈልግ ሰው «ሰፈሩን ሙሉ ዙር» ተባለ። ገንዘብማ በዚያ ጊዜ የቱ ብር እንደሚሠራ የቱ እንደማይሠራ ግራ የገባው ነገር ነበር፤ አረቄ ግን የማንም መንግሥት ቢመጣ አረቄ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት አረቄ የሚያወጡት እማማ ዘነቡ ጋ ነው። ባላቸው ማይጨው ዘምተው አልተመለሱም። የእማማ ዘነቡ ዳግም አረቄ፣ ያ ሁለት ጊዜ የሚወጣው፣ ክብሪት ከሩቅ ሲያይ ይቀጣጠላል ይባልለታል።

«እማማ፣ ዳግም አረቄና ነጭ ጨርቅ እየሰበሰብኩ ነው።»

ከጋኑ ቀና አሉ። «ለምን?»

«ለነቀርሳ።»

«የምን ነቀርሳ?»

«ሆዳችን ውስጥ ለገባው ነዋ!» አልኩ። «ሆዳችን» ያልኩት ጋሽ ቱፋ የሁላችንም ናቸው ብዬ፣ አነጋገሬን ላሳምር ነው። «ተቆርጦ ይወጣል ተብሏል።»

እማማ ዘነቡ ሄደው በሩን ዘጉ። ሲመለሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል።

«የሚቆርጠው ሐኪም የት ነው ያለው?»

«እዚያ ባሕር ዛፉ ጋ።»

«ባሕር ዛፉ ውስጥ» አሉ በሹክሹክታ፤ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰው አትመስለኝም ነበር።»

አንድ ትልቅ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። ያላቸውን አንድ ነጠላም ለሁለት ቀደው ጨመሩልኝ። እንዴት ያሉ ደግ ሴት ናቸው ብዬ ወጣሁ። ልብ በሉ፣ ምንም አልጠረጠርኩም። ጭንቅላቴም እንደ እግሬ ነው፤ አንድ ቦታ ቆሞ አያስብም።

ከዚያ በኋላ የኮልፌን ደግነት ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከኔ ቀድሞ ወሬው ይደርስ ነበር። በር ሳንኳኳ ነጩ ጨርቅ ተጣጥፎ ይጠብቀኛል። አንዷ ቋንጣ ሰጠችኝ። «መዋጥ አይችሉም እኮ» ስላት «ለአጃቢዎቹ» አለችኝ። አንዱ አዲስ የቆዳ ጫማ አመጣ። ሆዱን ለታመመ ሰው ጫማ ምን ያደርጋል? «ዳገት ላይ እሾኽ አለ» አለኝና ጠቀሰኝ። ወደ ክሊኒኩ የሚወስደው መንገድ ዳገት ስለሆነ፣ እንዴት አስተዋይ ሰው ነው ብዬ ተቀበልኩ። በየቤቱ ሰው ይጠቅሰኛል፤ እኔም በአጸፋው እጠቅሳለሁ። የሰፈሩ አዲስ ሰላምታ መስሎኝ ነው።

መጨረሻ ባላምባራስ ይመር ቤት ደረስኩ። ባላምባራስ ሽማግሌ ናቸው፣ አንድ ዓይናቸው አያይም። ወደ ጓዳ ገብተው የተቋጠረ በሶ ይዘው ወጡ። በሶው ከመጠኑ በላይ ይከብዳል።

«ውስጡ ኪኒን አለ» አሉኝ ጆሮዬ ላይ። «ለሐኪሙ ስጠው። ነቀርሳው ሰብሰብ ብሎ ሲመጣለት፣ ለያንዳንዱ አንድ አንድ ያቅምሰው። እንዳያባክን በለው።»

ቤቴ ገብቼ በሶውን ዘረገፍኩት። ኪኒኑ የናስ ነበር። ሹል ጫፍ አለው። በዚያ ጊዜ አንድ ጥይት ቤቱ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚደረግ የማያውቅ የለም፤ እኔ ደግሞ እፍኝ ሙሉ ይዣለሁ።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የበራልኝ፤ ጥቅሻው፣ ጫማው፣ ባሕር ዛፉ፣ የእማማ ዘነቡ እንባ። ሆዳችን ውስጥ የገባው ነቀርሳ! አረቄና ነጭ ጨርቅ የሚሰበሰበው ደግሞ ለማን ቁስል ነው? ለአርበኛ! እኔ ሞኙ፣ የጋሽ ቱፋን ሆድ ይዤ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ለአርበኞች ስንቅ ሳሰባስብ ውያለሁ። ያውም የማውቀው አንድም አርበኛ የለም!

በሩጫ ወደ እማማ ዘነቡ ተመለስኩ። «እማማ፣ ስሙኝ፣ የጋሽ ቱፋን ሆድ ነው ያልኩት! የእውነት ሆድ! የእውነት ነቀርሳ!»

ግራና ቀኝ አዩና ፊታቸው በራ። «ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ አፍ መያዝ! ለኔም እንኳ አትንገር።»

«እማማ በማርያም...»

«አትንገር አልኩህ! ይሄ ልጅ ቢገርፉትም አይናገርም» አሉ ለራሳቸው፣ በኩራት።

እኔ አንድ ጥፊ ከቀመስኩ የእናቴን የክርስትና ስም ሳይቀር የምናገር ሰው ነኝ! ወደ ባላምባራስ ሮጥኩ። ጥይቱን ልመልስ ብል «የወጣ ኪኒን ወደ ጓዳ አይመለስም» ብለው በሩን ዘጉብኝ። እንዲያውም እንደገና መዞሬን ያዩ ሰዎች አንሷል ብሎ ነው የተመለሰው አሉና ተጨማሪ አረቄ አስታቀፉኝ።

ቤቴ ገብቼ ጥይቱን ከወዲያ ወዲህ እያዘዋወርኩ፣ ምጣድ ሥር፣ አልጋ ሥር፣ ጣሪያ ላይ ስሸጉጥ፣ ከውጭ «እንደምን ዋልክ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አቶ ስሜነህ!

አቶ ስሜነህ ማን መሰሏችሁ? ባንዳ ናቸው። የሰፈሩን ወሬ ለጣሊያን ፖሊስ ለካራቢኔሪ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ሰላምታቸውን እንኳ ሰው የሚመልሰው በግማሽ አፉ ነው። ካፖርታቸውን ገበር እንዳስገባለት ሰጥተውኝ ነበር፤ ካፖርቱ እግሬ ሥር ተዘርግቷል፣ ገበሩ ባንድ በኩል አልተዘጋም። ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ያን ሁሉ ጥይት ገበሩ ውስጥ ዶልኩና በሕይወቴ ሰፍቼ በማላውቀው ፍጥነት ዘጋሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጭ ብዬ የጨረስኩት ስፌት እሱ ነው።

ገቡ። ቤቱ ውስጥ የተደረደረውን የአረቄ ጠርሙስና ነጭ ጨርቅ አዩ። አገጫቸውን አሻሹ።

«ለሆድ በሽታ መዋጮ ትሰበስባለህ አሉ።»

«አዎ ጌታዬ። ለጋሽ ቱፋ።»

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ሆድ?»

«ሆዳቸውን ያውቁት የለ?»

አልሳቁም። «ካፖርቴ አልቋል?» አሉና ከእጄ ነጠቁኝ። ለበሱት። ትከሻቸው ወደ አንድ ጎን ዘመመ። «ምነው ከበደኝ?»

«ገበሩን ደህና ዕቃ አስገብቼበት ነው።»

ራሳቸውን ዞር ዞር ብለው አዩ። ደስ አላቸው። «ደህና ሰፍተሃል። በል ተነስ፣ መዋጮህን ያዝ፤ ሐኪሙ ጋ አብረን እንሄዳለን። እውነት ከሆነ ይታያል። ውሸት ከሆነም ይታያል።»

መንገዱን እንዴት እንደሄድኩት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። ጨርቁን ተሸክሜ፣ ጠርሙሶቹን በገመድ አንጠልጥዬ፣ ከፊት ከፊቴ ሞቴ ካፖርት ለብሶ ይሄዳል። በየእርምጃቸው ገበሩ ቅጭል ይላል። እንዳይሰማቸው ብዬ ዝም ብዬ እለፈልፋለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በግ ዋጋ፣ ስለ ሟች አጎቴ።

«ምንድን ነው የሚንቃጨለው?» አሉ ቆም ብለው።

«ጠርሙሱ ነው!» አልኩና ጠርሙሶቹን እንደ ጸናጽል እያጋጨሁ ሄድኩ።

ኬላው ጋ ስንደርስ ወታደሮቹ አቶ ስሜነህን ሰላም ብለው አሳለፏቸው። እኔን ግን ጫማዬን አስወለቁኝ፣ ጨርቁን አንድ በአንድ ዘረገፉት፣ ጸጉሬ ውስጥ እንኳ በጣታቸው ፈለጉ። አንዱ ጠርሙስ ከፍቶ አሸተተ። «ለሆድ ሕመም ነው» አልኩት በምልክት ሆዴን ይዤ። ቀመሰ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ አነጠሰ፣ ከዚያ እሱም ሆዱን ይዞ ክፉኛ እንደሚያመው በምልክት ነገረኝ። ጓደኞቹም ወዲያው ታመሙ። ከመዋጮው አንዱ ጠርሙስ እዚያው ኬላ ላይ ሕሙማን ረድቶ ቀረ። አቶ ስሜነህ ጥይቱን ለብሰው ባንድ እግራቸው እየተወዛወዙ ይጠብቁኛል፤ «ቶሎ በል እንጂ!» ይሉኛል።

ክሊኒኩ ደረስን። ቀዶ ሕክምናውን የሚጠብቁት ጋሽ ቱፋ ጥግ ላይ ተኝተዋል። ሐኪሙ አረቄውን ሲያይ እንደ ልጅ ዘለለ። ጥጥ ነክሮበት አቃጠለው፣ ነበልባሉን አየ፣ ጠርሙሱን አቀፈው። ኪዳኔ ለአቶ ስሜነህ ነገሩን ከሥሩ አስረዳቸው፤ በሽታው እውነት ነው፣ ጥናቱ እውነት ነው፣ ለጥናቱ የተዋጣው ይሄው ነው። ተነፈስኩ። አለቀ ብዬ ልወጣ ስል፣ ሐኪሙ አቶ ስሜነህን ወደ ላይ ወደ ታች እያየ አንድ ነገር ተናገረ።

«እርስዎስ ምን አመጡ ይላል» አለ ኪዳኔ።

አቶ ስሜነህ ደነገጡ። ነጭ ሰው ፊት ማነስ ነው የማይወዱት። ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ባዶ ነው። ከዚያ ደረታቸውን ነፉና... ካፖርቱን አወለቁ! «ይሄን ለበሽተኛው!» ብለው በራሳቸው እጅ ጋሽ ቱፋን አለበሷቸው።

ጋሽ ቱፋ የሥጋ ነገር ቢከዳቸውም እጃቸው የጠራቢ እጅ ነው። የካፖርቱን ጫፍ ሲዳብሱ አየኋቸው። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ። አዩኝ። ላቤ አፍንጫዬ ላይ ይንጠባጠባል።

«ይሄ ካፖርት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ለበሽተኛ ሰው ይከብዳል። ልብስ ሰፊው ወስዶ ያቅልልልኝ።»

«አሁኑኑ ጋሼ!» ብዬ አነሳሁት። ግን መመለሻዬ በዚያው ኬላ ነው! እንደገና ጸጉሬን ሊበረብሩ ነው። በር ላይ ቆሜ፣ ገባሁ፣ ወጣሁ፣ ገባሁ። በመጨረሻ አቶ ስሜነህን «ጌታዬ፣ ብርዱ ከባድ ነው። ሰፈር እስክንገባ እርስዎ ይልበሱት፣ ከዚያ እቀበልዎታለሁ» አልኳቸው።

«ለካ ሰው ነህ» አሉኝ። ለበሱት። በኬላው ሰላም ተብለው አለፉ። እኔን ለሁለተኛ ጊዜ ጫማዬን አስወለቁኝ።

ቀዶ ሕክምናው በማግሥቱ ጠዋት ነበር። በሩ ፊት ለፊት ስመላለስ ሣሩን መንገድ አደረግሁት። እትዬ አስካለ ከግድግዳው ሥር ተቀምጠው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«ኧረ ቁጭ በል፣ መሬቱ ራሱ ደከመው» አሉኝ።

«አልችልም እትዬ።»

«እኔ ደግሞ መቆም አልችልም» አሉ። «ትናንት ማታ ምን አለኝ መሰለህ? ብሞት ድንጋዬን ለሰው እንዳትሰጪ፣ ግማሹ ነው የተጠረበው አለኝ። ስለ ድንጋይ! ስለኔ ምንም አላለም።» ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁ ተሰበረ። ያን ጊዜ ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስኪያልቅም አልተነሳሁም።

ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። በእጁ አንድ ማሰሮ ይዟል፤ ማሰሮው የብርጭቆ ነው፤ ውስጡ በእማማ ዘነቡ ዳግም ውስጥ አንድ የጡጫ ያህል ነገር ተዘፍቋል። የሚታየውን ሁሉ አውጥቻለሁ፤ የማይታየውን ግን አላውቅም አለ። «አላውቅም» ያለ ጣሊያን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ጋሽ ቱፋ ከነቁ በኋላ ሐኪሙ ማሰሮውን አሳያቸው። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ውስጡ ያለው ውሃ ነው?»

«ዳግም ነው፣ የእማማ ዘነቡ» አልኳቸው።

«ይሄን ያህል ዘመን ጎረቤቴ ሆነሽ» አሉ ጋሽ ቱፋ፣ እማማ ዘነቡ የሌሉበትን ግድግዳ እያዩ፣ «እኔን አንድ መለኪያ ሳታቀምሺ ለነቀርሳዬ ማሰሮ ሙሉ ታጠጪዋለሽ?» እትዬ አስካለ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የልባቸውን ሳቁ።

የቀረው የካፖርቱ ነገር ነው። ከአቶ ስሜነህ ተቀብዬ ቤቴ ሰቅዬው ውዬ አድራለሁ፤ ነፋስ ሲነካው እነሳለሁ። አንድ ከሰዓት የማላውቀው ሰው፣ ጸጉሩ የጎፈረ፣ እንጨት የተሸከመ፣ ቤቴ ገባ።

«ለነቀርሳው የተዋጣውን ልወስድ ነው።»

እግሬ ተነስቶ ነበር፤ የት እንደምሮጥ አላውቅም እንጂ። «ማን ላከህ?»

«ሐኪሙ።»

«የትኛው ሐኪም?»

«ባሕር ዛፉ ውስጥ ያለው» አለኝና ጠቀሰኝ።

በሰፈሩ አፍ እየተቀባበለ የሄደው ወሬ እውነተኛው ጫካ ደርሶ፣ እውነተኛ ሰው ይዞ መጥቶ ነው! ሰላይ ይሁን አርበኛ በምን ልወቅ? አየሁት። እግሩ ባዶ ነው፣ ተረከዙ በእሾኽ ተበልቷል። ለሰላይ ካራቢኔሪ ቢያንስ ጫማ ይሰጡታል ብዬ አሰብኩ። ጫማውን፣ ቋንጣውን፣ በሶውን፣ የተረፈውን ጨርቅ ሰጠሁት። ካፖርቱን ራሴ አለበስኩት።

«ከባድ ነው» አለ።

«ገበሩን ጫካ ስትደርስ ቅደደው» አልኩት። ገባው። ሳይስቅ፣ ሳይጠቅስ፣ እጄን ጨብጦ በጫማው ወጣ። አቶ ስሜነህ ግን ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ «ለበሽተኛው ካፖርቴን የሰጠሁት እኔ ነኝ» እያሉ ሲፎክሩ ኖሩ። ማንም አላረማቸውም።

ጋሽ ቱፋ ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖሩም፤ ግን ድንጋያቸውን ጨረሱ፣ ከወተት ወደ ገንፎ፣ ከገንፎ ወደ እንጀራ ተመለሱ፣ የኛ ባንዲራ ሲመለስም በእግራቸው ሄደው አዩ። ያረፉት ከዚያ ወዲያ በመጣው ክረምት ነው። እኔን ግን የማይረሳኝ ጣሊያኖች ተሸንፈው፣ ተሰብስበው ሊወሰዱ የነበሩበት ጠዋት ነው።

ሐኪሙ ከኪዳኔ ጋር ወደ ጋሽ ቱፋ ደጃፍ መጣ። ያን ማሰሮ በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ አቅፎታል። ሌላ ዕቃ አልያዘም። ደጁ ላይ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት እያየ ተናገረ።

«ይሄ የርስዎ ነው፣ ሳያስፈቅድ መውሰድ አልፈልግም ይላል» አለ ኪዳኔ። «ከፈቀዱለት አገሩ ወስዶ ያጠናዋል፤ ለሌሎች ሐኪሞች ያሳያል።»

ጋሽ ቱፋ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ። ማሰሮውን አዩት፣ ሐኪሙን አዩት፣ ከኮረብታው ማዶ ተሰልፎ የሚሄደውን የጣሊያን ጦር አዩት።

«ይውሰደው በለው» አሉ። «ይሄን ሁሉ ባሕር አቋርጠው መጥተው፣ ከአገራችን ይዘው የሚወጡት የኔን ነቀርሳ ብቻ ከሆነ፣ መርቄ ነው የምሰጣቸው።»

ኪዳኔ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው፣ ወደኔ ዞረ። «ምን ብዬ ልተርጉመው?»

ሐኪሙ ማሰሮውን እንዳቀፈ ዓይን ዓይናችንን እያየ ይጠብቃል።

«ፈቅደዋል በለው» አልኩት። «ስንቅ እንዲሆነውም ዳግሙ ትንሽ ይጨመርለት።»